አራት ምት በየሃያ ደቂቃው

ጋሽ ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ የፈረቃ ጓደኞቹ ነን። እውነተኛ ስሙ የሚኖረው በሠራተኞች መዝገብ ላይ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የበሩ ጥበቃ በዚያ ስም ሲጠራው፣ ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

የምንሠራበት ቤት አንድ አሮጌ ማሽን ያለበት ትንሽ ፋብሪካ ነበር። ማሽኑ አየርን ጨምቆና አብርዶ ፈሳሽ ያደርጋል፤ ከፈሳሹም ኦክስጅኑን ለይቶ በብረት ሲሊንደር ይሞላል። ሲሊንደሮቹ ግማሾቹ ለብየዳ ቤቶች፣ ግማሾቹ ለሐኪም ቤትና በቤታቸው ለሚተኙ በሽተኞች ይሄዳሉ። ማሽኑ አንዴ ቆሞ ከሞቀ፣ ተመልሶ በርዶ የመጀመሪያዋን የፈሳሽ ጠብታ እስኪሰጥ አንድ ቀን ተኩል ይፈጅበታል። ያን ጊዜ ሁሉ ኮምፕሬሰሩ ይጮሃል፣ የመብራት ቆጣሪው ይሽከረከራል፣ ለዓይን የሚታይ ነገር ግን የለም። ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ያንጎላጃል። እሱ ግን በተቀጠረ በሦስተኛው ቀን ኦክስጅኑ ከሚለይበት ማማ ሥር ካለችው ክብ መስታወት ፊት ዱካ አስቀምጦ ተቀመጠ። ለምሳ አልተነሣም። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት ፈዛዛ ሰማያዊ ነገር ተንጠለጠለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወደቀች። ቆቡን ከራሱ ላይ አውልቆ «ጠብታ!» ብሎ ጮኸ።

«ምነው፣ ልጅ ተወለደልህ እንዴ?» አለው መካኒኩ።

«እስኪ መጥተህ እይ!»

«እኔ አሥር ዓመት አይቻታለሁ። ውሃ ናት።»

«ውሃ አይደለችም፤ አየር ናት። አሁን የምትተነፍሰው አየር!»

መካኒኩ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ እሱ ማሽኑን ይነዳል፣ እኔ የመለኪያዎቹን ንባብ በየሰዓቱ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ማሽኑ ቆሞ ሲነሣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ቆቡን ሳያወልቅ ያየሁበት ጊዜ የለም።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሲያልፉ እሷ አሥራ ሰባት፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ፈትል ፋብሪካ ገባች፤ ጥጥ በሚበጠርበት ክፍል። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ቆመች። ማታ ስትመጣ ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ የጆሮዋ ውስጥ ሳይቀር ነጭ ነበር፤ «ልጅ ሳለሁ አሮጊት ናት ብዬ አስብ ነበር፤ ስትታጠብ ወጣት ትሆናለች፣ በነጋታው እንደገና ታረጃለች» ይለን ነበር እየሳቀ። ከፀጉሯ ታጥቦ የሚሄደው ጥጥ ከሳንባዋ እንዳልሄደ የታወቀው ኋላ ነው። እኛም ሁላችን «እትዬ» ነበር የምንላት።

የቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ፣ ያንን ወፍራም የቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ የገዛችለትም እሷ ናት። በቡናማ ወረቀት የተለበጠ፣ ጠርዙ የተላጠ መጽሐፍ ነበር። የዱሮ መጽሐፍ ነገሩን ሲናገር አይቸኩልም፤ እንደ ዳኛ ነው የሚናገረው። «ማንኛውም ጋዝ ከወሳኝ የሙቀት ልኩ በላይ ሳለ፣ ምንም ያህል ቢጫኑት፣ ወደ ፈሳሽነት አይለወጥም።» እሱ ይህንን ጮክ ብሎ ያጠናል፤ እሷ እግሯን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ ትሰማዋለች። ፊደል አልቆጠረችም፣ መጽሐፉን ግን ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። ጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ሌላው ለማስታረቅ ሲሮጥ እሷ፣ «ተዉአቸው፤ መጀመሪያ ይብረዱ። ያልበረደን ነገር ብትጫነው ዋጋ የለውም፤ የወንድሜ መጽሐፍ ላይ አለ» ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ይህን እንደ ተረት ይዞት ነበር።

ስለ ማሽኑ እኔ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። አየር ሲጫኑት ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ ነፍቶ የፓምፑን አፍ የነካ ሰው ያውቀዋል። የሞቀን አየር መጫን ደግሞ የበረደውን ከመጫን ይልቅ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ኮምፕሬሰራችን ሥራውን በአራት ደረጃ ይከፋፍለዋል፤ ትንሽ ይጫነዋል፣ በውሃ ያበርደዋል፣ ደግሞ ይጫነዋል፣ ደግሞ ያበርደዋል። በመጨረሻው ሁለት መቶ እጥፍ የታመቀው አየር በጠባብ ቫልቭ ሲለቀቅ ይበርዳል። የበረደው ተመልሶ፣ የታመቀው አየር በሚመጣበት ጥቅልል ቱቦ ውጪ ሲያልፍ ከኋላው የሚመጣውን ያበርደዋል፤ ያኛው ሲለቀቅ ከፊተኛው ብሶ ይበርዳል። እንዲህ እየተቀባበሉ ይወርዳሉ።

«ብርድ አናመርትም» ይለኝ ነበር። «ብርድ የሚባል ዕቃ የለም። እኛ ሙቀት ነው ተሸክመን የምናወጣው። ከጉድጓድ ውሃ እንደመቅዳት ቁጠረው፤ በወረድክ ቁጥር ገመዱ ይረዝማል፣ ክንድህ ይዝላል።»

«ስንት ነው ታዲያ የሚያስፈልገው ጉልበት?»

«መጽሐፉ ፍጹም የሆነ ማሽን በአንድ እጅ ሥራ ይጨርሰዋል ይላል። የእኛው አሥር እጅ ይበላል።»

«ፍጹሙ ማሽን የት አለ?»

«የትም። ኖሮም አያውቅ። እኛ የምንኖረው በዘጠኙ እጅ ውስጥ ነው፤ በሚባክነው» አለ።

አንድ የቤቱን ልማድ መናገር አለብኝ። አየር ሲታመቅና ሲበርድ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ በየማቀዝቀዣው ግርጌ ይጠራቀማል። ያ ውሃ በማፍሰሻ ቫልቭ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ከአየሩ ጋር ተሳፍሮ ወደ ብርዱ ይሄዳል፣ እዚያም በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይደፍናል። እኛ አራቱን ማፍሰሻዎች በየሃያ ደቂቃው እንከፍታለን። ጩኸቱ ስለማያነጋግረን፣ የከፈተው ሰው አንዱን ቫልቭ በዘጋ ቁጥር ቱቦውን በብሎን መፍቻ አንዴ ይመታዋል። አራት ምት ከተሰማ አራቱም ፈስሰዋል ማለት ነው። ይህንን ማንም በጽሑፍ አልሰጠንም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሲያደርጉት አግኝተን ነው።

የእትዬ ቤት ከፋብሪካው ግንብ ጀርባ ነበር። ጡረታ ወጥታ፣ ሳንባዋ እየጠበበ ሄዶ፣ ከአልጋዋ አጠገብ የእኛው ሲሊንደር ሲቆምላት፣ ቀኗን የምትቆጥረው በዚያ ምት ሆነ። ሦስት ጊዜ አራት ምት አንድ ሰዓት ነው። መድኃኒቷን በእሱ ትውጣለች፣ ድስቷን በእሱ ታወርዳለች። በሳምንት ሁለት ሲሊንደር እኔና እሱ በጋሪ እየገፋን እናመጣላታለን፤ እሷም በቀጭኑ የአፍንጫ ቱቦዋ ውስጥ ሆና ትቀልድብናለች።

«በነጻ የተሰጠውን አየር ጨምቃችሁ፣ ብረት ውስጥ አስራችሁ፣ መልሳችሁ ታመጡልኛላችሁ። አታፍሩም?»

«ተጣርቶ ነው እትዬ» ይላታል።

«ተጣርቶ! የጨመቅኸው አንተ መሆንህ ያስታውቃል፤ እንዳንተ ቀርፋፋ ነው አመጣጡ።»

ማሽኑ አርጅቶ ነበር። አንድ ሲሊንደር ለመሙላት በወጣትነቱ አሥራ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ይበቃው የነበረው ሃያ አንድ ደረሰ። ዋናው መሥሪያ ቤት ማሽኑ ይነቀል፣ ኦክስጅን የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ካለው ትልቁ ፋብሪካ በጭነት መኪና ይምጣ አለ። ይህ ወሬ በደረሰን ቀን ጋሽ ጠብታ ፈረቃውን እንደወትሮው ጨረሰ። ማታ እትዬ ቤት ስንገባ ግን የቀረውን ጋዝ የሚያሳየውን የሲሊንደሩን ጌጅ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት አየሁት። የሁለት ቀን መንገድ ማለት፣ ዝናብ ሲዘንብ አራት ቀን ነው፤ ድልድይ ሲሰበር ደግሞ ማን ያውቃል። እሷ የምትተነፍሰው በዚያ መንገድ ርዝመት ልክ ሊሆን ነው።

ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። በዱሮው መጽሐፍ ቋንቋ፣ ከነሥዕሉ። ሦስት ወር ቆይቶ አንዲት መሐንዲስ ላኩ። ወጣት፣ ትሑት፣ ሰው የምታዳምጥ ልጅ ነበረች። ደብዳቤውን በእጇ ይዛ ነው የመጣችው።

«አባቴ፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ያለ አጻጻፍ ትምህርት ቤትም አላየሁ። እውነቴን ነው። ግን ስሌት አይበቃቸውም፣ ቁጥር ነው የሚፈልጉት። ሁለት ወር አስፈቅድልዎታለሁ። ከዚያ ሰባ ሁለት ሰዓት ሳይቋረጥ እንፈትነዋለን። አማካዩ ለአንድ ሲሊንደር ከአሥራ አምስት ተኩል በታች ከሆነ ማሽኑ ይቆያል። ካለፈ…»

«ካለፈ ገባኝ» አላት።

በእነዚያ ሁለት ወራት ሰውየው ወጣት ሆነ። የአራቱን ማቀዝቀዣዎች ቱቦ አወጣን። ውስጣቸው በውሃው ጠጠር ተሸፍኖ እንደ አሮጌ ጀበና አፍ ጠቧል፤ ውሃው ሙቀቱን የሚወስድበት መንገድ አልነበረውም። በቀጭን አሲድ ዘፈዘፍናቸው፤ ሽቦ ብሩሽ በረጅም ዘንግ አስረን ፈተግናቸው። የቫልቮቹን ሳህኖች እሱ ብቻውን በወፍራም መስታወት ላይ ቅባትና አሸዋ ወረቀት አድርጎ፣ በክብ በክብ እያሸ፣ ፊቱን እስኪያሳዩት ድረስ አስተካከላቸው። መካኒኩ፣ ያ የመጀመሪያው ቀን የሳቀበት፣ አሁን ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ሆኖ፣ «ለሰርግ ነው እንዴ የምታስውባት?» አለው።

«ለቀብሯ እንዳይሆን ነው» አለው።

ፈተናው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተጀመረ። መሐንዲሷ ቆጣሪውን በፈትልና በእርሳስ ማኅተም አሸገችው፤ ቁጥሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈች። ማሽኑ ዱሮ የነበረውን ድምፅ መልሶ አገኘ፤ ያልተቆራረጠ፣ እኩል ትንፋሽ። ማታ አማካዩ አሥራ ስድስት ሆነ። ማክሰኞ ቀትር ላይ አሥራ አምስት ነጥብ ስምንት። ከዚያ በኋላ አልወረደም። ጋሽ ጠብታ ውሃውን ጨመረ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ዘይቱን ቀየረ፤ ቁጥሩ እንደ ግትር በሬ ቆመ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ እርሳስ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ፣ «በየሃያ ደቂቃው አራት ቫልቭ ስንከፍት ውሃ ብቻ አይደለም የሚወጣው» አለኝ። «አየርም ይወጣል። የተደከመበት አየር፤ ሥራ የበላ አየር። አስልቼዋለሁ፤ ከመቶ አምስት እጅ ይሆናል። በአርባ ደቂቃ ብናደርገው ግማሹን እናድናለን። አሥራ አምስት ነጥብ አራት እንገባለን።»

«መጽሐፉ ምን ይላል?» አልኩት።

«መጽሐፉ ሃያ ደቂቃ አይልም። ሃያ ያልነው እኛ ነን።»

«ውሃውስ?»

«የሚያመልጠውን ከብርዱ በፊት ያለው ማድረቂያ ይይዘዋል። ወሩ ደረቅ ነው። ሁለት ቀን እኮ ነው ወዳጄ፣ ሁለት ቀን።»

ይህንን የሚለኝ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ለማየት ሁለት ቀን ከዱካ ሳይነሣ የተቀመጠው ሰው ነው። እምቢ ልለው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስሌቱ ተሳስቶ አያውቅም፤ ዓይኖቹም ያን ጊዜ አንጀት ይበሉ ነበር። እሺ አልኩት። ለሌሎቹ ፈረቃዎችም እሱ ራሱ ነገራቸው። መሐንዲሷ ስለ ማፍሰሻው አታውቅም ነበር፤ ልማድ እንጂ መመሪያ ስላልሆነ የትም አልተጻፈም።

ቁጥሩ ወረደ። ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አሥራ አምስት ነጥብ ስድስት ተጻፈ፤ አራት ሰዓት ላይ አሥራ አምስት ተኩል። ውጪ ከንጋት ጀምሮ ካፊያ ይጥል ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

በምሳ ሰዓት የእትዬን ሲሊንደር ልቀይር ሄድኩ። እሱ ማሽኑን ትቶ አይሄድም። ትራስ ተደግፋ፣ መስኮቷን በትንሹ ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ ነበር።

«ምቱ ራቀ» አለችኝ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«ምን አልሽ እትዬ?»

«ማንኳኳታችሁ። ከትናንት ጀምሮ አንዱን ትመታላችሁ፣ አንዱን ትበላላችሁ። መድኃኒቴን አሳሳታችሁኝ።»

«ለቁጠባ ነው። ቁጥሩ እንዲወርድ ብለን።»

«ውሃው የት ሄደ ታዲያ?»

ቁልፉን በአዲሱ ሲሊንደር ላይ ገጠምኩ። «ማድረቂያው ይይዘዋል ብሎኛል» አልኳት። እሷ እጇን በመስኮቱ አወጣች፣ መልሳ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«እኔ ማንበብ አልችልም። ጥጥ ቤት ግን እርጥበትን በቆዳዬ ነበር የምለካው፤ ክሩ የሚበጠስበትን ቀን ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። ዛሬ አየሩ እርጥብ ነው።» ትንፋሽ እስክታገኝ ቆየች። «ሂድና ንገረው። መጀመሪያ ይብረድ በለው። ማሽኑን አይደለም፤ እሱን ነው። እሱ ነው ያልበረደው።»

እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ግቢውን በዝናብ ስሻገር ቃሏን በአፌ ይዤው ነበር። ስገባ ሰሌዳው ላይ አሥራ አምስት ነጥብ አራት ተጽፏል። መሐንዲሷ ጠመኔውን እንደያዘች ትስቃለች፤ መካኒኩ ያንን ጥርስ አልባ አፉን ከፍቷል፤ ጋሽ ጠብታ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

«እትዬ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች» አልኩት።

ይህንን ሰዎች አያውቁም። አሁን ብናገረው ማንን ይጠቅማል? ቢሆንም የእሱን ታሪክ ስጽፍ ይህን መዝለል አልቻልኩም።

አሥር ሰዓት ሲሆን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ቀና አደረገ። ለእኛ ገና ምንም አልተሰማንም። ተነሥቶ ወደ መለኪያዎቹ ሄደ። ከጥቅልሉ ቱቦ በፊት ያለው ግፊት እየወጣ ነበር፤ ከቱቦው በኋላ ያለው እየወረደ። በመካከል አንድ ነገር መንገዱን ይዟል። ወደ ማድረቂያው ሄዶ የመውጫውን ትንሽ ቫልቭ በጥቂቱ ከፍቶ መዳፉን ደገነበት። ደረቅ አየር ሊወጣበት ከሚገባው አፍ መዳፉ ረጥቦ ተመለሰ። መዳፉን ለረጅም ጊዜ አየው። የደህንነት ቫልቩ ማፏጨት ጀመረ፤ ኮምፕሬሰሩ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና አቃሰተ። ማንም ሳያዘው ሄዶ ሞተሩን ራሱ አጠፋው።

ዝምታው ጆሮ ያማል። ከግንቡ ወዲያም እንደተሰማ አውቃለሁ።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለች መሐንዲሷ።

«በረዶ ነው። ጥቅልሉ ተደፍኗል።»

«ብናቀልጠውስ? በሞቀ ደረቅ አየር?»

«ሁለት ቀን ይፈጃል። ከዚያ እስኪበርድ አንድ ቀን ተኩል።»

ሰዓቷን አየች። አሥራ ስድስት ሰዓት ነበር የቀረው። ወረቀቷን አወጣች። «አባቴ፣ ‹በማሽኑ እርጅና ምክንያት› ብዬ ብጽፍስ? ምናልባት ሌላ ቀጠሮ…»

«ማሽኑ ምን አደረገ?» አላት። «ማሽኑ ሠርቷል። ማፍሰሻውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ሌላ ቀጠሮ አልመጣም።

ያን ዕለት ማታ እትዬ ቤት አብረን ገባን። ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጦ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷ ወደ እኔ ዞራ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ አላሳጣችኝም። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ቁጥሩ ግን ስንት ደርሶ ነበር?»

«አሥራ አምስት ነጥብ አራት።»

«ጎበዝ» አለችው።

ማሽኑን በሁለተኛው ወር ነቀሉት። ኮምፕሬሰሩ ለብረት አቅላጮች ሄደ። ያስተካከላቸው የቫልቭ ሳህኖች እንደ መስታወት እያበሩ ከሌላው ብረት ጋር ሲጫኑ ቆሞ አየ፤ አንዷን እንኳ ለማስታወሻ አልወሰደም። ጡረታ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። አዳራሹ ተቆልፎ ቀረ። እትዬ መድኃኒቷን በግድግዳ ሰዓት መዋጥ ጀመረች፤ «ይሄ ሰዓት እኮ አይናገርም» ትል ነበር።

የጭነት መኪናው መጀመሪያ በየሳምንቱ መጣ፤ ቀጥሎ በየአሥር ቀኑ፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ጠፋ። ለእትዬ የሚደርሳት አንድ ሲሊንደር ነው። ጋሽ ጠብታ መቆጣጠሪያውን በትንሿ ምልክት ላይ ያደርገዋል፤ በቀን ስንት ሰዓት፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ በደብተር ያሰላል። ግን ስሌቱ አልገጥም አለው። ጌጁ ሁልጊዜ እሱ ካሰላው በላይ ያሳያል።

«ጌጁ ተሳስቷል» አለኝ። «ተጣብቆ ነው የሚሆነው።»

በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከእኔ ጋር ሄዶ ከአንድ ብየዳ ቤት ሌላ ጌጅ ተውሶ ቀየረው። ያኛውም ያንኑ አሳየ። ሙቀቱን አሰበ፣ የሲሊንደሩን ይዘት እንደገና ለካ፣ መጽሐፉን አውጥቶ ገለጠ። ማታ ማታ መነጽሩን አድርጎ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የማይገጥመው ቁጥር ላይ ተጨንቆ አገኘዋለሁ። እትዬ ከአልጋዋ ሆና፣ «ተወው ባክህ፤ ተረፈ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ አየሁ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒቷን ለማምጣት ወጥተን ስንመለስ በሩ እንደዘጋነው ነበር። እትዬ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ፣ አንድ እጇን በሲሊንደሩ አንገት ላይ እንዳደረገች ነበር። ጠራት። ትከሻዋን ነካት። ከዚያ እጇን ቀስ ብሎ ከቫልቩ ላይ አነሣና ቫልቩን ሞከረው። ተዘግቷል። አጥብቃ ነው የዘጋችው።

ሲከፍተው ጌጁ ከግማሽ በላይ አሳየ።

በሩን ዘግተን በወጣን ቁጥር ትዘጋዋለች፤ የእግራችንን ኮቴ ስትሰማ ትከፍተዋለች። ለነገ እንዲተርፍ። መኪናው ቢዘገይ ወንድሟ እንዳይጨነቅ። ያን ዕለት ኮቴያችን የዘገየው መድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ስለነበረው ነው። ጋሽ ጠብታ ይህን ሁሉ ለማወቅ ማንንም አልጠየቀም፤ ደብተሩን አወጣ፣ ያልገጠሙትን ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች አነበባቸው፣ ሁሉም ገጠሙ።

ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ሲሊንደሩን በጋሪ ገፍተን ወደ ማከፋፈያው መጋዘን ወሰድነው፤ ሌላ በሽተኛ ተራ እየጠበቀ ነው ብለውን። መጋዘን ጠባቂው ቅጹን አወጣ።

«ባዶ ነው?»

«ግማሽ አለው። ከግማሽም ይበልጣል» አለው ጋሽ ጠብታ። «ለሚቀጥለው ሰው ስጠው፤ ንጹሕ ነው።»

«ግማሽ የሚባል ዓምድ የለኝም ጋሼ። ባዶ እቀበላለሁ፣ ሙሉ እሰጣለሁ። ዋናው ፋብሪካም ጋዝ ያለበትን አይረከበኝም። ያስተንፍሱትና ያምጡት።»

«ሰው እኮ የሚተነፍሰው ነው» አልኩ እኔ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ? ቅጹን እኔ አልሠራሁት።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ከኋላችን ሌሎች ቆመው ነበር።

ሲሊንደሩን ወደ ግቢው ጥግ፣ ሰው ወደማያልፍበት ገፋነው። ጋሽ ጠብታ መፍቻውን ከኪሱ አወጣና ቫልቩን በጥቂቱ ከፈተው። እስስስ ብሎ መውጣት ጀመረ። ብዙ መክፈት ይችል ነበር፤ አልከፈተም። ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ ቆምን። የምንሰማው ያንን ድምፅ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሥራ፣ ከዚያ ሩቅ አገር በአራት ደረጃ ተጭኖ፣ በርዶ፣ ተጣርቶ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጭኖ የመጣ፣ ወደ ነጻው አየር ይመለሳል። ከታመቀበት የሚለቀቅ ጋዝ ይበርዳልና የቫልቩ አንገት መጀመሪያ አላበው፣ ቀጥሎ ነጭ ለበሰ፤ ቀጭን፣ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ አመዳይ። በእጁ ጀርባ ነካው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ቱቦዎቹን እንደሚነካው።

«በረደ» አለ።

ድምፁ ሳሳ፣ ጠፋ። ቫልቩን ዘጋው። ባዶ መሆኑን ለማወቅ እንደምናደርገው፣ የሲሊንደሩን ጎን በመፍቻው አንዴ መታው። ድምፁ ረጅም ነበር፤ ግቢው ውስጥ ዞሮ ሄደ።

እኔ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሌሎቹን ሦስት ጠበቅኩ። አልመታም። መፍቻውን ኪሱ ከተተና ጋሪውን ከአንድ ወገን ያዘው፤ እኔም ከሌላው ወገን ያዝኩት።